ደፍ አይረገጥም

የሆቴሉ በር ደፍ ጉልበት ሊደርስ ምንም አይቀረው። ባለቤቶቹ ባንኮክ መሃል፣ መኪና እንደ ጉንዳን በሚርመሰመስበት ጎዳና ዳር፣ የጥንት መሳፍንት ቤት አስመስለው አሠሩት፤ ጣሪያው ሹል፣ ምሰሶው ወርቅ ቅብ፣ ደፉም እንደ ወጉ ከፍ ያለ። ፈረንጅ ሁሉ እየተደናቀፈ ይገባል። በረኛው ቻሎም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "እግርዎን ከፍ ያድርጉ!" ሲል ኖረ። የቤቱ መንፈስ ደፉ ላይ ነው የሚያድረው፤ የሚረግጠው ባለጌ ብቻ ነው።

ቻሎም በጉብዝናው ጊዜ ቦክሰኛ ነበር፤ በእርግጫ፣ በክርን፣ በጉልበት የሚማቱበት የአገሩ ቦክስ። አፍንጫውንና ግማሽ ጆሮውን እዚያው ትቶ ከበር ሥራው ጎን አሰልጣኝ ሆነ፤ አንድ ልጁን ዊላይንም ከተማሪዎቹ አብልጦ ለሚወደው ለሳክዳ ዳረለት። አይ የሰው ነገር! ባጎረሰ እጁን ተነከሰ። ሳክዳ የተማረውን እርግጫ ቤቱ ወስዶ ዊላይ ላይ ተለማመደው። ክንዷን ሲሰብራት አባቷ ዘንድ ሸሸች፤ ቻሎምም ለምኖ እዚያው ሆቴል፣ ከበሩ ገባ ብሎ፣ አበባ ጎንጓኝ አድርጎ አስቀጠራት። ሳክዳ "ካልተመለሰች እዚያው አርዳታለሁ" ብሎ ላከ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ መጣ፤ በእጁ የኮኮናት መሰንጠቂያ ቢላዋ ይዟል።

"ጋሼ፣ ዞር በል። ሚስቴን ልወስድ ነው።"

"ሚስት ነበረችህ እንዴ? እኔ የምትለማመድባት ከረጢት መስላኝ!"

"አርጅተሃል፤ በከንቱ አትሙት።"

"ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ እስቲ ሞክረኝ!"

ሞከረው። የመጀመሪያው እርግጫ የሽማግሌውን ጎድን ሰበረ፤ ሁለተኛው በጉልበቱ አንበረከከው። ቢላዋው ክንዱን ከክርኑ እስከ አንጓው ተረተረው፤ ነጭ የደንብ ልብሱ በደም ራሰ። እንግዶቹ ሻንጣቸውን እየጣሉ ተበተኑ። "አባዬ!" ብላ ጮኸች ዊላይ። ከኋላዋ ግድግዳ ነው፤ መሸሻ የላትም። ሳክዳ ሽማግሌውን ትቶ ወደ እሷ ሮጠ።

ደፉ ጋ ሲደርስ ግን ቀነስ አድርጎ ቁልቁል አየ። ሚስቱን ሊያርድ የመጣ እርኩስ ደፍ ላለመርገጥ ተጠነቀቀ! እናቱ በሕፃንነቱ እንዳስለመደችው እግሩን አነሳ፣ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

ቻሎም ያን አንገት አየ። ተነሣ፤ ግራ እግሩን ደፉ ላይ ተከለና በቀኝ ቅልጥሙ ማጅራቱን አቀመሰው። ሳክዳ በፊቱ ተደፋ፤ ጥርሱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ሊነሣ ሲል ቻሎም በክርኑ መንጋጋውን ሰበረው። ከዚያ ቢላዋ የያዘውን እጁን ጎትቶ ጉልበቱ ላይ ቀጨው።

"ይሄ ለልጄ ክንድ ነው!" አለ፤ እያለቀሰ።

ፖሊስ ሲደርስ ሽማግሌው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ዊላይ ክንዱን በሻርፕ ታስርለታለች።

"አባባ፣ ልጁን እኮ ጨረሱት። ትንሽ አይጸጽትዎትም?" አለው ፖሊሱ።

"ይጸጽተኛል እንጂ፣ እንዴት አይጸጽተኝም!" አለ ቻሎም። እየዳኸ ሄዶ መዳፎቹን ገጠመ፤ ግንባሩን ደፉ ላይ አስነካ። "ይቅር በለኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ረገጥኩህ።"

በዚህ መሃል ሁለት ሰዎች ሳክዳን በቃሬዛ ይዘው ለመውጣት በሩ ጋ ደረሱ። ቻሎም ቀና ብሎ ፊቱን እንኳ አላየውም።

"እግራችሁን ከፍ አድርጉ!" አላቸው።