ቦሌ የቀሩት ሁለቱ

ወደ ጀርመን የሄድኩ ዕለት፣ ከሰፈራችን ከሳሊተ ምሕረት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስንወርድ፣ ባለቤቴ ዮናስ መኪናውን በቦሌ መድኃኔዓለም በኩል አዞረው። ምን ልበላችሁ፣ ለምን እንደዞረ ገብቶኛል። እዚያ አካባቢ ባለ ክሊኒክ ውስጥ በላብራቶሪ የተፀነሱ ሁለት ፅንሶቻችን በረዶ ሆነው ተቀምጠዋል። ሕንጻው ጋ ሲደርስ ቀስ አለና «ቻው በያቸው» አለኝ። መስኮቱን አውርጄ እጄን አወዛወዝኩ።

ጀርመን የወሰደኝ ነርስነቴ ነው። ዮናስ በቤተሰብ ቪዛ ይከተልሻል ብለውኝ ነበር፤ ይኸው ሁለት ዓመት፣ ፋይሉ «በሂደት ላይ» ነው። እኔ ግን ሠላሳ ዘጠኝ ገባሁ።

ቤት ስከራይ አከራይዋ ጠየቀችኝ።

«ልጆች አሉዎት?»

«ሁለት።»

«ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ገና አልተወለዱም። አዲስ አበባ ናቸው።»

ሆዴን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ውሉ ላይ «አንድ ሰው» ብላ ጻፈች።

አዲስ አበባ ያለችው ሐኪሜ ዶክተር ሰብለ በስልክ አስረዳችኝ። «ሶስናዬ፣ ፅንሱ የሚያርፈው ማሕፀንሽ ውስጥ ባለው ሽፋን ላይ ነው። ኢስትሮጅን እየወሰድሽ እናወፍረዋለን። ሰባት ሚሊሜትር ሲያልፍ፣ ፅንሱን እንዲቀበል ፕሮጄስትሮን ትጀምሪያለሽ። ከጀመርሽ በስድስተኛው ቀን እዚህ መገኘት አለብሽ፤ ቀን ማሳለፍ የለም።»

ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት በቀዝቃዛ ዳቦ እውጣለሁ። ቤቴ ብሆን ዮናስ ፍርፍር አሙቆ «መጀመሪያ ቅመሺ» ይለኝ ነበር። የዚህ አገር ሰማይ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንደ ሐምሌ ጠዋት ነው፣ የሐምሌ ሽታ ግን የለውም።

በመጀመሪያው ሙከራ ሽፋኑ አምስት ሚሊሜትር ላይ ቆመና ሙከራው ተሰረዘ። በሁለተኛው ስምንት ደረሰ። ፓስፖርቴ ግን መኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ የውጭ ዜጎች ቢሮ ገብቷል። ዶክተር ሰብለ «ፓስፖርቱ እጅሽ ሳይገባ ፕሮጄስትሮኑን እንዳትነኪ» ስላለችኝ፣ በማግስቱ ቢሮው በር ላይ ተገኘሁ።

«ቴርሚን አለዎት?» አለኝ ሠራተኛው። ቀጠሮ ማለቱ ነው፤ እዚህ አገር ያለ ቴርሚን እግዜርም አያናግርህም።

«የለኝም። በዚህ ሳምንት መብረር አለብኝ።»

«ምክንያት?»

«ማሕፀኔ ደርሷል።»

እስክሪብቶውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። «መቼ ነው የሚወልዱት?»

«እርጉዝ አይደለሁም። ለማርገዝ ነው የምሄደው።»

«እዚህ አይቻልም?»

«ፅንሶቹ እዚያ ናቸው። አባታቸውም እዚያ ነው። እሱን እናንተ ናችሁ ያላስገባችሁት።»

አጠገቡ የተቀመጠች ሸበቶ ሴት ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ ፓስፖርቴን ይዛለች። «ይሂዱ» አለችኝ።

የዚያን ዕለት ፕሮጄስትሮን ጀመርኩ፣ በስድስተኛው ቀንም ቦሌ ክሊኒኩ ደረስኩ። አንደኛው ፅንስ በረዶው ሲቀልጥ አልተረፈም። ሌላውን ሲያስገቡልኝ ዮናስ ጣቶቼን ጨምቆ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ ያያል። ያልተረፈውን አላነሳንም። ከአራት ቀን በኋላ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

የደም ምርመራው ውጤት የተነገረኝ ባቡር ጣቢያ ሆኜ ነው። ወዲያው ደወልኩለት።

«ዮናስ፣ ይዟል።»

«ቁጭ በይ እስቲ» አለኝ።

«ተቀምጫለሁ። ስለ ቪዛው ኤምባሲው ደወለ?»

«አልደወለም፣ ሶስኒ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«እዚህ እየዘነበ ነው» አለ።

«አሰማኝ።»

ስልኩን ይዞ በረንዳ ወጣ። የሳሊተ ምሕረት ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰማሁ። ባቡሬ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። አልተሳፈርኩም።