ከስልኩ አይወጣም

ልብስ ሰፊዋ በየጠዋቱ የሱቋን በር ከመክፈቷ በፊት ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል ታደርጋለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ አድርጋለች። ሜትር ግን ሁሉን አይናገርም፤ ትከሻዋ ለተንጋደደ ወይም ወገቧ ወደ ግራ ላዘመመ ሴት በቁጥር ብቻ ቀሚስ አይቆረጥላትም። ስለዚህ ደንበኞቿን ከመጋረጃው ጀርባ በውስጥ ልብስ አቁማ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች፤ ጨርቁን ስትቆርጥ እያየች ታስተካክላለች።

ፎቶዎቹን የምታኖራቸው በሚስጥር ቁጥር በሚከፈት «የፎቶ ካዝና» በሚባል የስልክ መተግበሪያ ውስጥ ነው። መተግበሪያውን ስትጭን በትልቁ የተጻፈውን አንብባ ልቧ አርፎ ነበር፦ «ፎቶዎ ከስልክዎ አይወጣም።» ይህንኑ ለደንበኞቿ ስትደግም ኖራለች፤ ከሁሉም በላይ ደንበኛዋ ለሆነች አንዲት መምህርት።

መምህርቷ አንድ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ከባሏና ከሐኪሟ ሌላ ይህን የምታውቀው ሰፊዋ ብቻ ናት። ቀሚሷን በዚያ በኩል በስፖንጅ እየሞላች ትሰፋላታለች፤ ተማሪዎቿ አንድም ቀን ልብ ብለው አያውቁም። የመጀመሪያ ቀን ለፎቶ ስትቆም ደረቷን በክንዷ ሸፍና ነበር።

«የማምነው አንቺን ነው፣ ስልኩን አይደለም» አለቻት።

«ከዚህ ስልክ ከወጣ እኔን ጠይቂኝ» አለች ሰፊዋ።

ሰኞ ዕለት ስልኩ ለካውያ ውሃ የምትረጭበት ሳህን ውስጥ ወደቀና በዚያው ሞተ። ሰፊዋ ለልኮቿ አዘነች፤ ለመምህርቷ ግን «በቃ፣ ሚስጥሯም አብሮ ተቀበረ» ብላ ተጽናናች። በማግስቱ ጠዋት ልጇ አዲስ ስልክ ገዝታ መጣች፤ ካዝናውን ጭና የእናቷን ስልክ ቁጥርና የሚስጥር ቁጥሩን አስገባች። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ይወርዱ ጀመር።

«እማዬ፣ ደስ ይበልሽ፤ አንዱም አልጠፋም።»

ሰፊዋ ክው አለች። ክንዷን ደረቷ ላይ ያደረገችው ሴት ከአዲሱ ስልክ መስታወት ውስጥ ታያታለች።

«ከየት መጡ?»

«ከኩባንያው ነዋ።»

«ከስልኬ አይወጣም ብሎኝ የለ? ስልኬ እኮ ሞቷል።»

የልጅቷ ፈገግታ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ወዲያው ለኩባንያው አቤቱታ ጻፈች፤ መልሱ ከምሳ በፊት ደረሰ። «አይወጣም» ማለት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይወጣም ማለት እንደሆነ፣ ፈቃዱም ሲጫን «እስማማለሁ» የሚለው ሲነካ እንደተሰጠ በትሕትና ያብራራል። ሰፊዋ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ልጇ ፎቶዎቹን ሁሉ አጠፋችላት፤ እዚያም ጠፍተው እንደሆነ ስትጠየቅ ግን «እሱን እንጃ» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ዝም ቢሉ መምህርቷ በምን ታውቃለች ስትል መከረች።

ሰፊዋ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የምትል ሴት ናት። ልጅቷ ፊቷን አይታ ነገሩ ገባት።

«እንግዲህ ጠፊዋ እኔ ነኝ» ብላ ልታስቃት ሞከረች።

ሰፊዋ አልሳቀችም። አዲሱን ስልክ አነሳችና መምህርቷ ጋ ደወለች፤ ስትመጣ ከልኩ በፊት የምትነግራት ነገር እንዳለ ብቻ ነገረቻት።

መምህርቷ ሐሙስ በአስር ሰዓት ትመጣለች።