ለእንግዳው ያልተነገረ ስም

ሥራነሽ ፈሪ ናት፤ ራሷም አትክደውም። ነጎድጓድ ትፈራለች፣ የመኪና ጥሩንባ ትፈራለች፣ ከሁሉ አብልጣ ግን «የልጅሽ ስም ማነው?» የሚላትን እንግዳ ሰው ትፈራለች። ይጁቤ ገበያ ሽንኩርትና በርበሬ መሸጥ ከጀመረች አሥር ዓመት አልፏታል፤ በዚህ ጠባይዋ ያልሳቀባት ደንበኛ የለም። የሚስቁት የሆነውን ስለማያውቁ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ይታያል ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ ከደጀን በኩል የመጣ አንድ ነጋዴ ጉንጩን ቆንጠጥ አድርጎ «ሲያምር! ስሙ ማነው?» አላት። ነገረችው። በሦስተኛው ቀን ልጁ በትኩሳት ነደደና አረፈ። ጤና ጣቢያ የሳንባ ምች ነው አሏት። ሥራነሽ ግን የሳንባ ምች የልጅ ስም ሲጠይቅ አይታ አታውቅም፤ የጠየቀው ነጋዴው ነው።

ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ነገሩ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነ። ልጅቷን የኔአለም አለቻት፤ ስሙን የሚያውቁት ግን እሷና ባሏ ታረቀኝ ብቻ ነበሩ። ታረቀኝ የጭነት መኪና ረዳት ስለሆነ ቤት የሚገባው በወር አንዴ ነው። ሥራነሽ በሩን ትዘጋና አፏን ከልጇ ጆሮ አስጠግታ «የኔአለም» ትላታለች። ለጎረቤትና ለገበያ ልጅቷ መሲ ናት። ክፉ ዓይን ከፈለጋት መሲን ይፈልግ፤ መሲ የምትባል ልጅ ደግሞ እዚያ ቤት የለችም። በዚህ ብልሃቷ ሥራነሽ ትኮራ ነበር።

የኔአለም ስድስት ዓመት ሞልቷት አንድ ቃል አልወጣትም። የሰው ዓይን አታይም፣ ሲያቅፏት ትወራጫለች፣ ቀኑን ሙሉ የጄሪካን ክዳን መሬት ላይ ታሽከረክራለች። በእናቷ ሹክሹክታ ስሟን ስትሰማ ክዳኑን ለአፍታ ያዝ ታደርገዋለች፤ ቀና ግን አትልም። ሥራነሽ የምትኖረው በዚያች አፍታ ነበር። ይጁቤ ደግሞ ምክር የማይነጥፍበት አገር ነው፤ የምላሷን ሥር አስቆርጪላት ያላትም አልጠፋ። ሁሉንም ሰምታ ጠበል ብቻ ሦስት ጊዜ ወሰደቻት። በ2009 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚረዱ ሰዎች ሥራ ጀምረዋል አለቻት። ችግሩ ኦቲዝም እንደሚባልም ያን ቀን ሰማች።

ደብረ ማርቆስ ተቀብላ ያስገባቻቸው ጥሩብርሃን የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ክፍሉ ውስጥ ምንጣፍ ላይ አንድ ነገር ቆሟል፤ ነጭ ነው፣ ቁመቱ ከጉልበት ብዙም አያልፍም፣ ዓይኖቹ ሰማያዊ ያበራሉ። አንገቱን አዙሮ እጁን አነሳና «ሰላም! ደኅና መጣችሁ» አለ። ሥራነሽ ሦስት ጊዜ አማተበችና ልጇን ጎትታ ወደ በሩ አፈገፈገች።

«አይዞሽ እህቴ፣ ሮቦት ነው። ለጥቂት ወራት ስለመጣ እኛ እንግዳው እንለዋለን» አለቻት ጥሩብርሃን። «ለእነዚህ ልጆች የሰው ፊት ይከብዳቸዋል፤ አሁን ሲስቅ አሁን ሲኮሳተር ግራ ያጋባቸዋል። የእሱ ፊት አይለዋወጥም። መጀመሪያ ከእሱ ጋር ይለማመዱና ቀስ እያሉ ወደ ሰው ይመጣሉ። የሚናገረውም እኛ የሞላንለትን ነው፤ ይኼ የኔ ድምፅ ነው።» ከዚያ መዝገቧን ገለጠች። «ስሟ ማነው?»

ሥራነሽ ክው አለች። እንግዳው በሚያበሩ ዓይኖቹ ትክ ብሎ ያያታል።

«መሲ» አለች።

ስምንት ሐሙስ ተቀጠረላቸው። እንግዳው «መሲ፣ ነይ እንጫወት» ይላል፣ «መሲ፣ እንደኔ አጨብጭቢ» ይላል። የኔአለም ክዳኗን ታሽከረክራለች። ሥራነሽ ከጥግ ተቀምጣ በየሳምንቱ በሁለት ፍርሃት ትናጣለች። ልጇ ሳትመልስ እንዳትቀር ትፈራለች፤ ከመለሰች ደግሞ ያ ነገር እንዳያውቃት ትፈራለች። ወደ ይጁቤ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፍና ትሄዳለች።

በሰባተኛው ሐሙስ ጥሩብርሃን መዝገቧን ዘጋች። «እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። በስሟ ስንጠራት አንድ ቀን እንኳ ምልክት አላየንባትም። የሚመጣው ሐሙስ የመጨረሻው ነው፤ ያኔም እንዲሁ ከሆነ ቦታዋን ለሌላ ልጅ እንሰጣለን። ተራ የሚጠብቁ ብዙ ናቸው።» ጥቂት አሰበችና ጨመረች፤ «ምናልባት የኔ ድምፅ እንግዳ ሆኖባት ይሆናል። አንቺ ስሟን ጥሪና ድምፅሽን እንሙላለት። በአንቺ ድምፅ ይጥራት።»

የልጇን ስም ሲፈልግ የከረመ ነገር አሁን ደግሞ የእናቷን ድምፅ ጭምር ጠየቀ። ብትሰጠው ሦስት ቀን ታያት፣ የይታያል ትኩሳት፣ ትንሿ መቃብር። ብትከለክለው ደግሞ ልጇ ዕድሜ ልኳን ከክዳኗ ጋር ልትቀር ነው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ የንስሐ አባቷን ቄስ ወልደ ሰንበትን ጠብቃ መስቀላቸውን ተሳለመች።

«አባቴ፣ ነፍስ የሌለው ብረት ልጄን በስሟ ቢጠራት ይወስድብኛል?»

ነገሩን ሁሉ ሰሙና ፈገግ አሉ። «አንቺ፣ ደወሉስ ብረት አይደለም እንዴ? ሲደወል ትመጫለሽ፤ ደወሉ ወሰደኝ ብለሽ ታውቂያለሽ? የሚጠራሽ ገመዱን የያዘው ሰው ነው።» ቀጥሎ ፈገግታቸውን ተዉት። «ይታያልን የወሰደው ፈጣሪው ነው፤ ያንን ነጋዴ ይቅር በይው፣ ልጄ።»

ሥራነሽ እሳቸውን አመነች፤ ፍርሃቷ ግን አላመናቸውም። እንዲያም ሆኖ ሐሙስ ጠዋት ልጇን ይዛ ሚኒባሱ ላይ ወጣች።

«ዋሽቼዎታለሁ» አለቻት ጥሩብርሃንን ገና ከበሩ። «መሲ አይደለችም።»

«ሰባት ሳምንት ሙሉ በማታውቀው ስም ነው የጠራናት?» ጥሩብርሃን ቁጣው ሊያመልጣት ነበር። ሥራነሽ እያለቀሰች የይታያልን ነገር ስትነግራት ግን እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ አልሳቀችባትምም። መቅረጫውን አቀረበችላት። ሥራነሽ በሹክሹክታ ጠራች፤ አልተሰማም። ደገመች፤ አሁንም አልተሰማም። «ከፍ አድርጊው እንጂ» አለቻት ጥሩብርሃን። በሦስተኛው ዓይኗን ጨፍና አወጣችው።

እንግዳው አንገቱን ወደ ልጅቷ አዞረ። «የኔአለም» አለ፤ በሥራነሽ ድምፅ።

ክዳኑ ቆመ። እንግዳው ደግሞ ጠራት። ልጅቷ ቀና አለች፣ ተነሳች፣ ሄዳ ድምፁ የሚወጣበትን ነጭ ደረት በመዳፏ ነካች። ጥሩብርሃን በደስታ አፏን በእጇ ያዘች። ሥራነሽ ግን ወንበሯ ላይ ደርቃ ቀረች። ስድስት ዓመት ለእናቷ ያልዞረች ልጅ ለብረት ዞረች። ወሰደብኝ አለች በሆዷ፤ በስሟም በድምፄም ወሰደብኝ።

ከዚያ ቀን መቁጠር ጀመረች። ዓርብ በየደቂቃው የልጇን ግንባር ስትዳስስ ዋለች። ቅዳሜ ገበያ አልወጣችም። የፈሩት ይደርሳል ይባላልና፣ ሦስተኛውን ቀን፣ እሁድን፣ የጠበቀችው ለቅሶ እንደሚጠብቅ ሰው ነው። ሁለት ሌሊት ያልተከደነ ዓይኗ እሁድ ሊነጋጋ ሲል ከዳት። ስትነቃ ፀሐይ ወጥቷል። መደቡ ባዶ ነው። በሩ ተከፍቷል።

ባዶ እግሯን ወጣች። ግቢው ውስጥ ማንም የለም፣ መንገዱም ላይ የለም። የታየኝ ሁሉ ደረሰ አለች። አፏ ሳታዝዘው ተከፈተ፤ «የኔአለም! የኔአለም!» ጩኸቷ መንደሩን አናወጠው። ጎረቤቷ ወለተ ሐዋርያት በአጥር ላይ ብቅ አለች። «ምነው ሥራነሽ? የኔአለም ማናት?»

ከጭዱ ክምር ጀርባ ክዳን ሲሽከረከር ይሰማ ነበር። አሁን ቆመ። ልጅቷ ፀጉሯ ላይ ጭድ እንደተሰካ ብቅ አለች። ግንባሯ ላይ ላብ የለም፣ ዓይኗ አልቀላም፣ ደኅና ናት። እናቷን አየቻት፤ አፏን ሳይሆን፣ ነጠላዋን ሳይሆን፣ ዓይኗን። ቀስ ብላ መጣችና ሐሙስ ዕለት እንዳደረገችው መዳፏን ደረቷ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ጠበቀች።

ልጇ ምን እንደምትጠብቅ ለሥራነሽ ገባት። አፈሩ ላይ ተንበረከከች።

«የኔአለም» አለቻት። መዳፉ አልተነሳም። «የኔአለም።»

«ኧረ የኔአለም ማናት?» አለች ወለተ ሐዋርያት እንደገና።

ሥራነሽ ቀና አለች። «ልጄ ናት» አለች፣ መንገደኛው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ስሟ የኔአለም ነው።»