ከነጂው ጀርባ ያለችው ወንበር

ባለፈው ቅዳሜ ከምኖርበት ከሮቢንስዴል የተነሳሁት ለሽርሽር አይደለም። ወንድም ጋሼን አሮጌ ባቡር ላሳየው ነው። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ነጂ ነበር። አሁን ፍሪድሊ ከልጁ ጋር ይኖራል፤ ዐይኑን ግላኮማ ይዞታል። ግራና ቀኙ ጠፍቶ የሚታየው ፊት ለፊቱ ብቻ ነው፤ በቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ሰው። ሐኪሙ ይህም እስከ መቼ እንደሚቆይ ቃል አልሰጠም።

በሐሪየት ሐይቅ ዳር ከጥንት የተረፉ የከተማ ትራሞች አሉ። ጡረተኞች በነፃ ጉልበታቸው እየጠገኑ ለጎብኚ ያስኬዷቸዋል። በረዶ ሲመጣ ግን ይቆማሉ። «በሚቀጥለው ግንቦት እንሄዳለን» ማለት ለወንድሜ አይሆንም። ስለዚህ መሄድ ያለብን አሁን ነበር፤ እሱም መቀመጥ ያለበት ፊት ወንበር ላይ።

ጠዋት አራት ሰዓት፣ ፍሪድሊ

ድራይቭ ያደረገችው የልጅ ልጄ ማርታ ናት። እኔ ፊት ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አልታጠፍ ስለሚል የማርታ መኪና ፊት ወንበር የእኔ ነው፤ ይህ ተከራክሬ ያስወሰንኩት ጉዳይ ነው። ወንድም ጋሼ ከረባቱን አስሮ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን።

«ሠርግ ነው እንዴ የምትሄደው?» አልኩት።

«ባቡር ጣቢያ ነው የምሄደው» አለኝና ከኋላ ገባ።

መንገዱን ሁሉ «አሁን የት ደረስን?» እያለ ጠየቀኝ። «ደርሰናል፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ» እለዋለሁ። ሚሲሲፒን ስንሻገር ዳርና ዳሩ ያለው ዛፍ ቢጫና ቀይ ሆኖ ነበር። «ወንዙ ነው?» አለ። «ወንዙ ነው» አልኩ። ያኔ ግን ወንዙን አልፈነው ነበር።

አምስት ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር

ማርታ ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ዞረች። ጣቢያዋ ከእንጨት የተሠራች ትንሽ ቤት ናት፤ ትኬቱም የአንድ ሳንድዊች ዋጋ አይሞላም። ትራሙ ቢጫ ነው። ውስጡ የእንጨት ጣሪያ፣ የነሐስ እጀታ፣ እንደ ሰፌድ የተሰፋ የሸንበቆ ወንበር። ወንድም ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ አየሩን ሳበ።

«ግራሶ» አለ። «ሽታው አልተለወጠም።»

ከነጂው ጀርባ ያለችው ወንበር ለሁለት ሰው ትበቃለች። ሰው የለባትም፤ አንድ ሰማያዊ ሹራብ ተጥሎባታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድሬዳዋ ልጅ ሆኜ ከቦኖ ውሃ ስንቀዳ፣ የቦኖው ዘበኛ ዘመዶች ባዶ ጣሳቸውን በሰልፍ ደርድረው ቤታቸው ይገቡ ነበር። እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን የጣሳ ተራ እንጠብቃለን። አንድ ቀን ያን ጣሳ ሁሉ በእርግጫ በትኜ፣ «ጣሳ ውሃ አይጠማውም! ሰልፍ የሚይዝ ሰው ነው!» ብዬ ሰፈሩን ቀውጬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ተራ ይዞ ሳይ ደሜ ይፈላል።

«ሹራብ እግሩን አያመውም» አልኩና አንስቼ፣ በወጉ አጥፌ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ አኖርኩት።

«እማማ፣ ዌይት…» አለች ማርታ።

«ዌይት የለም! ቀድሞ የተገኘ ይቀመጣል።»

ወንድም ጋሼን በነጂው በኩል አስቀመጥኩና ግማሿን ወንበር እኔ ያዝኩ። ጥቂት ቆይታ አንዲት ከዘራ የያዘች ፈረንጅ አሮጊት ገባች። ወንበሯን አየች፤ እኛን አየች። በዐይኗ ሹራቡን ፈልጋ አገኘችና እስከ መጨረሻው ሄዳ ተቀመጠች። እኔም አገጬን ቀና አድርጌ ፊት ፊቴን አየሁ።

ጉዞው

ደወሉ ተደወለ፤ ትራሙ ነቅነቅ ብሎ ተነሳ። ወንድም ጋሼ አንገቱን አስግጎ የነጂውን እጅ ብቻ ያያል።

«አየሽ፣ በኃይል አልጎተተውም። አሁን ይለቅለታል… አሁን ፍሬን ይነካል… ቀስ… ጎበዝ!»

ማርታ ለነጂው ተረጎመችለት፤ ወንድሜም ባቡር ነጂ እንደነበር ጨመረችበት። ነጂው፣ ጢሙ ሁሉ የሸበተ ሰውዬ፣ ወደኋላ ሳይዞር ሳቀና ደወሉን ሁለት ጊዜ መታለት። የሥራ ባልደረባ ሰላምታ መሆኑ ነው። ወንድሜ ከረባቱን አስተካከለ።

በድልድይ ሥር አለፍን፤ ከዚያ የመቃብር ስፍራውን አጥር ተከትለን በዛፎች መሐል ሄድን። ድሬዳዋ የነበረው ቤታችን ለሐዲዱ ቅርብ ስለነበር፣ ባቡር ሲገባ መደርደሪያ ላይ ያለው ሳህን ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ ሳህኑን ሰምታ «ልጄ መጣ» ትልና ወጡን ታሞቃለች። የሳህኑን ድምፅ ከረሳሁት ስንት ዘመኔ። ትራሙ ሲንገጫገጭ ጥርሴ ውስጥ ሰማሁት።

ማርታ ከኋላ ጆሮዬ ጋ ጎንበስ አለች። «እማማ፣ ሴትየዋ ፈርስት ተቀምጣ ነበር እኮ። የወረደችው የሕፃን ስትሮለር የያዘችውን እናት ሄልፕ ልታደርጋት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ዌይት አልኩሽ! ዌይት የለም አልሽኝ።»

ትኬት ቆራጩም ለማርታ ነግሯት ነበር። የሴትየዋ አባት በወጣትነቱ ትራም ይነዳ ነበር። እሷም በየዓመቱ፣ ትራሙ ለክረምት ከመቆሙ በፊት፣ መጥታ ከነጂው ጀርባ ትቀመጣለች።

ፊቴ ጋለ። ከዘበኛው ዘመዶች በምን ተሻልኩ? ወንድሜን እንዳላስነሳው፣ ከሌላ ቦታ ምንም አይታየውም። እኔስ? ግማሿን ወንበር የያዝኩት ምን ላይባት ነው? ተነሳሁ። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ትራሙ ቆመ። መስመሩ አጭር ነው፤ አልቋል።

የመስመሩ ጫፍ

ትራሙ አይዞርም። ነጂው እጀታውን ነቅሎ ይዞ በመሐላችን አለፈና ወደ ኋላው ጫፍ ሄደ፤ እዚያም ሌላ መንጃ አለ። ትኬት ቆራጩ የወንበሮቹን መደገፊያ አንድ በአንድ ይገለብጥ ጀመር፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። የኋላው ፊት ሆነ። አሮጊቷ እጀታውን የያዘው ነጂ ጀርባ ተገኘች፤ ወንድም ጋሼ መጨረሻ ቀረ።

ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። «አይ አም ሶሪ። ዩር ቼር፣ አይ ቱክ» አልኳት። የቀረውን ማርታ ነገረችልኝ፤ የወንድሜንም ነጂነትና የዐይኑን ነገር አስረዳቻት።

ሴትየዋ ሹራቧን ከጭኗ ላይ አነሳች። «ወርውረሽው ቢሆን እንጣላ ነበር» አለች፤ ማርታ ናት የምትተረጉመው። «ግን አጥፈሽዋል።» ከዚያ አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገች። «ነጂው ይምጣ።»

እያነከስኩ ወደ ወንድም ጋሼ ሮጥኩ። «ተነስ፣ ፊት ቦታ ተገኝቷል!»

አልተነሳም። ትኬት ቆራጩ የእሱን መደገፊያ ሊገለብጥ ቆሞ ይጠብቃል።

«እንዲህ እንዳለ ይተወው በይው» አለኝ ወንድሜ። «ለሴትየዋም እግዜር ይስጥልኝ በያት። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ፊት ፊቱን ነው ያየሁት። ነጂ ወደ ኋላ አያይም። ያለፍኩት ሐዲድ ምን እንደሚመስል ልይ።»

ወንበሩ ሁሉ ዞሮ የእሱ ብቻ እንደነበረ ቀረ። ትራሙ ሲነሳ ሐዲዱ ከሥሩ እየወጣ ይረዝም፣ ይረዝምና ዛፎቹ መሐል ይጠብባል፤ በዚያች በቀረችለት ማያ ልክ። ቅጠሉ ከኋላችን ብድግ ይልና ሐዲዱ ላይ ተመልሶ ይተኛል። «እንዲህ ነበር እንዴ!» ይላል ደጋግሞ። «እንዲህ ነበር እንዴ!» ከረባቱን አላላ። እኔ መሐል ላይ ተቀመጥኩ።

ስምንት ሰዓት፣ ወደ ቤት

መኪናው ጋ ስንደርስ እጄ በልማዱ የፊተኛውን በር ያዘ። ያኔ ገባኝ። ፊት ለፊቱ ብቻ የሚታየውን ሰው ጠዋት የወንበሬን ጀርባ እያየ እንዲመጣ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የት ደረስን የሚለው ለዚህ ነበር።

«ግባ» አልኩት።

«ጉልበትሽስ?»

«ዛሬ የጉልበቴ ተራ አይደለም።»

ከኋላ ተጣጥፌ ገባሁ። የወንድሜ ትከሻ ከልሎኝ መንገዱ አይታየኝም። ብዙ ከሄድን በኋላ «የት ደረስን?» አልኩ።

«ድልድዩ ላይ ነን» አለኝ፤ እኔ እንደመለስኩለት አልመለሰልኝም። «ወንዙ ሰፊ ነው። ውሃው ላይ ፀሐይ አለ። አንዲት ጀልባ ትታየኛለች።»

ፍሪድሊ አውርደነው ስንነሳ ማርታ «እማማ፣ ነይ ወደ ፊት» አለችኝ። እንቢ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ፍርድ ማለት ማን ቀድሞ መጣ ብሎ መጠየቅ ይመስለኝ ነበር። ማንን ምን እንደቸገረው መጠየቅንም ይጨምራል፤ ያውም ከራስ ቤት ጀምሮ።

ሮቢንስዴል እስክንገባ ከኋላ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ክፉኛ አመመኝ። ይበለኝ።