ዓይን የማይፈልግ ሥራ

አጎቴ ከጦርነቱ በኋላ ሃርጌሳ እንደገና ስትገነባ ዋሄን ገበያ አጠገብ የሞተር ብስክሌት ጎማ ይቀይሩ ነበር። በኋላ ዓይናቸው ቢጠፋም ሥራቸውን አልተዉም።

አንድ ቀን ክትባት ይዞ ወደ ገጠር የሚሄድ ነርስ ጎማ አስቀይሮ ለመሄድ ቸኮለ።

«ቆይ ልጄ፣ ጎማው ክብደቱ ሳይመጣጠን ከሄድክ መንቀጥቀጡ ይጥልሃል» አሉት።

ቸርኬውን በብረት ዘንግ ላይ ሰቅለው አሽከረከሩት። «ከባዱ ጎን ራሱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ትዕግሥት ብቻ ነው» ይሉ ነበር ሁልጊዜ። ሲቆም በእጃቸው ዳስሰው በላይኛው፣ በቀላሉ ጎን፣ ማመጣጠኛ ትንሽ የእርሳስ ብረት አሰሩ። ደጋግመው ሞከሩት፤ በመጨረሻ የትም ቢያቆሙት ባለበት ቀረ።

ነርሱ አመስግኖ እጁን ዘረጋ፤ አጎቴ አልጨበጡትም። ያኔ ገባውና «ሱብሃነላህ» አለ።

አላህ ይዘንላቸው። ትናንት በሥራ ቦታቸው እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ጎማ ማመጣጠን ሞከርኩ። እርሳሱን የማስርበት ጠፍቶኝ ዓይኔን ስገልጥ መቀመጫቸው ባዶ ነበር።