የዘሐራ ጉትያዎች

ዝናብ የነካው የዶሮ ኩስ ሲሸተኝ ዛሬም አፍንጫዬን ይዤ አላልፍም፤ ቆም እላለሁ፣ ሆዴም ይባባል። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ በነበረው ቤታችን የታላቅ እህቴ የዘሐራ ዶሮዎች ከመኝታችን ራስጌ ቆጥ ላይ ያድሩ ነበርና፣ ልጅነቴ እንዳለ የሚሸተው እሱን ነው።

ዘሐራ ዶሮ የምታረባው እንደ ሰው ሁሉ ለወጥ አልነበረም። ራሳቸው ላይ የላባ ቁንጮ ያላቸውን፣ ጉትያ የምንላቸውን፣ ከእነሱም ገብስማዎቹን ብቻ እየመረጠች ታስቀር ነበር። ክረምት ላይ የየትኛዋ ዶሮ እንቁላል እንደሆነ በከሰል ምልክት እያደረገች ታስታቅፍና፣ መስከረም ሲጠባ ጫጩቶቹን እያነሳች ራስ ራሳቸውን በጣቷ ትዳብስ ነበር። እናታችን «አንቺ ልጅ፣ ዶሮ ነው ሙሽራ የምትመርጪው?» እያለች ትስቅባት ነበር።

አንድ ዓመት በጋው ላይ ደላላ ቤታችን ይመላለስ ጀመር። የሰፈሩ ልጃገረዶች አንድ በአንድ አረብ አገር እየሄዱ አልቀው ነበርና የአባታችንም ልብ ሸፈተ። ዘሐራ መሄዱን አልፈለገችም። ግንቦት ላይ ወረዳው የዶሮ ትርኢት ሲያዘጋጅ፣ ገብስማ አውራዋን እግሩን አጥባ፣ ላባውን ቅቤ አስነክታ በቅርጫት ይዛው ሄደች፤ አንደኛ ወጣ። ወላሂ ጮቤ ረገጥኩ! የወረዳው ሰዎችም ለእርባታ የሚሆን እንቁላል ከእሷ ሊወስዱ ተስማሙ፣ አባታችንም ደላላውን «አፉ በለን፣ የኔ ልጅ አትሄድም» ብሎ ሸኘው።

በእኛ አገር ከገበያም ሆነ ከሌላ ቦታ የመጣ ዶሮ ለብቻው ታስሮ ይሰነብታል፤ ፈንግል ይዞት ከሆነ ሌሎቹን እንዳይፈጅ ነው። ዘሐራም ከትርኢቱ እንደተመለሰች አውራውን ጭድ ቤት አሰረችውና «እንዳትነኪው፣ አደራ!» አለችኝ። እኔ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ብቻውን ሲጮህ አንጀቴን በላኝና፣ በማግስቱ እሷ ውሃ ስትወርድ ፈትቼ ከዶሮዎቹ ጋር ለቀቅኩት፣ ሳትመለስም አሰርኩት። ማንም አላየኝ።

በሳምንቱ አንገታቸው እየተጠማዘዘ ይረግፉ ጀመር፣ አንድ ጫጩት እንኳ አልተረፈም። ዘሐራ በጆንያ ተሸክማ ወስዳ አፈር ስታለብሳቸው «እኔው ነኝ! ለታይታ ብዬ እኔው ጨረስኳቸው!» እያለች ታለቅስ ነበር። አጠገቧ ቆሜ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ደላላው ተመልሶ መጣ፣ በዚህኛው ጊዜ ማንም «አፉ በለን» አላለውም።

ከሄደች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት፤ የሰው ልጅ ስታሳድግ የራሷን ሳትወልድ ቀረች። ለዒድ ለዒድ ትደውላለች። ባለፈው ስናወራ ቆይተን «ያንን አውራ ትርኢት ባልወስደው ኖሮ እኮ እዚያው ወልጄ ከብጄ እኖር ነበር። የገዛ ጉራዬ ነው፣ ማንን እወቅሳለሁ?» አለችኝ።

«ተይው እታለም፣ የአላህ ቀደር ነው» አልኳት።

ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ዱላ ፈርቼ ዝም አልኩ። ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፣ የሚመታኝም የለ፤ ግን አሁንም ዝም እንዳልኩ ነኝ።