ዓይኗ ያልበራው ድመት

ትናንት ዲላ ገበያ የጆንያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ በጃንሆይ ጊዜ ከጓሯችን እንሰት ሥር ያነሳኋቸው ሦስት የታመሙ የድመት ልጆች ትዝ አሉኝ። ዓይናቸው በመግል ተጣብቆ ነበር። እናቴ እንዳሳየችኝ ለብ ባለ የጨው ውሃ ሳጥብላቸው ሁለቱ ዳኑ፤ ጎረቤቶች ወሰዷቸው።

ሦስተኛዋን የቡና መጋዘን ዘበኛው ጋሽ በየነ ለአይጥ ፈለጓት።

«ድናለች?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው። በየማለዳው ማጠቡ ሰልችቶኝ ነበር።

እንደ ልማዱ፣ የመመለሻውን መንገድ እንዳታውቅ ጆንያ ውስጥ ከትቼ ሦስቴ አዞርኳት። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና፣ «ዓይኗ መች በራና ነው መንገድ የምትደብቂባት?» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ።

በሳምንቱ ጋሽ በየነ ጆንያውን በወጉ አጥፈው መለሱልኝ። «ብዙም አልቆየች፣ ልጄ» አሉኝ። አልተቆጡኝም።

ዛሬም ባዶ ጆንያ ከማጠፌ በፊት እጄን ከትቼ እስከ ታች እዳብሳለሁ።